ጨው ያልበዋል፤ ሜዳውም ይንቀሳቀሳል

ሰሞኑን «የጨው ሜዳን ከሰማይ ማየት ለማን ይበጃል?» የሚል ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ቆይቶ እኔም ዘንድ ደረሰ። ያቀበለኝ ደሴ ያለ የቀድሞ ተማሪዬ ነው፤ «መምህር፣ ይህን አንብበው ዝም ይላሉ?» ብሎ። አነበብኩት፤ ዝም ማለት ግን አልሆነልኝም።

የጸሐፊው ብዕር የሰላ ነው። ለአፋር ጨው ቆራጭ ያላቸው ተቆርቋሪነትም ከልብ መሆኑ ያስታውቃል። የሙግታቸው መነሻ ራዳር በተሸከሙ ሳተላይቶች የዳናኪልን የጨው ሜዳ የሚያጠኑ ሰዎች ጊዜና ገንዘብ እያባከኑ ነው የሚል ነው። በረሃ ደመና ስለሌለው ተራ የሳተላይት ፎቶግራፍ ይበቃል ይላሉ። የጨው ሜዳ እንደ ምጣድ ልሙጥ ስለሆነ በራዳር የሚታይ ነገር የለውም ይላሉ። ጥቂት ዝቅ ብለው ደግሞ ራዳር መሬት ሰንጥቆ ስለሚያይ ከጨው በታች ያለውን ፖታሽ የተባለ የማዳበሪያ ማዕድን ለባዕዳን ያጋልጣል ብለው ያስጠነቅቃሉ። ከ700 ኪሎ ሜትር ርቀት የመሬትን የሴንቲ ሜትር እንቅስቃሴ እንለካለን ማለት «ጉራ» ነው ይላሉ። በመጨረሻም ጨው ቆራጩ ሜዳውን ከማንም በላይ ያውቀዋል፣ መረጃውም በሀብታም አገሮች እጅ ነው፣ ስለዚህ ለእኛ አይፈይድም ብለው ይደመድማሉ።

እኔ ኮምቦልቻ የምኖር የጂኦሎጂ መምህር ነኝ። ከአፍዴራ የተጫነ ጨው በባቲ በኩል ዳገቱን ወጥቶ ከተማችንን ሲያልፍ አያለሁ፤ ማታ ማታ ደግሞ ያ ጨው የመጣበትን አገር በራዳር ምስል እመለከታለሁ። ጽሑፉ በወጣቶች ዘንድ በብዛት የተነበበ ስለሆነ፣ ከነጥቦቹም አንዳንዶቹ ከመሠረታቸው የተሳሳቱ ስለሆኑ መልስ ይገባቸዋል ብዬ አምናለሁ።

ከደመናው ልጀምር። እዚህ ላይ ጸሐፊው እስከ ግማሽ መንገድ ድረስ ልክ ናቸው። ራዳር ደመናን አልፎ ማየቱ ለክረምቱ ጎጃም የሚሰጠውን ያህል ጥቅም ለዳናኪል አይሰጥም፤ የዚያ አገር ሰማይ አብዛኛውን ጊዜ ጥርት ያለ ነው። ይሁን እንጂ የጨው ሜዳው መልኩን የሚለውጠው ጎርፍ ሲገባበት ነው። ጎርፉም የሚወርደው በምዕራቡ ዳገት ላይ ዝናብ በሚጥልበት፣ ደመናውም በሚከብድበት ሰሞን ነው። ፎቶግራፍ የሚያነሳው ሳተላይት በጣም በሚፈለግበት ሳምንት ዓይኑ ሊጋረድ ይችላል።

እንዲያም ሆኖ ለእኔ ከደመናው ይልቅ የሚያስቸግረው የጨው ንጣት ነው። ልሙጥም ሆነ እንደ መጋዝ ጥርስ የቆመ፣ ከላይ ለሚያየው ጨው ያው ነጭ ነው። የቀትር ፀሐይ ሲያርፍበት ደግሞ የፎቶግራፍ መሣሪያውን ዓይን ያጥበረብረዋል። ራዳር የራሱን ሞገድ ልኮ ተመልሶ የሚመጣውን የሚያዳምጥ መሣሪያ ነው፤ ከቀለም ጋር ጉዳይ የለውም። መሬቱን የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፦ ገጽህ ምን ያህል ይሻክራል? ምን ያህልስ እርጥብ ነህ?

የሁለተኛውን ጥያቄ ክብደት የተረዳሁት ከትምህርት ቤት በፊት ከአያቴ ነው። አያቴ ደሴ ውስጥ፣ ከሰኞ ገበያ ብዙም ሳይርቅ ጨው ትቸረችር ነበር። ሰኔ ሲገባ የጨው ጆንያዎቿን ከወለሉ አንስታ በእንጨት ርብራብ ላይ ትደረድራቸዋለች፤ የተረፋትን አሞሌ ደግሞ ከምድጃው በላይ፣ ጭስ በሚደርሰው ቆጥ ላይ ታስቀምጣለች። ያም ሆኖ የጦሳ ጉም ወርዶ ባደረበት ማለዳ ስንነሳ የጆንያው ታች ረጥቦ፣ ከርብራቡ ሥር ጠብታ ተጠራቅሞ እናገኛለን። ጣሪያው አያፈስም፤ ውሃም ማንም አላፈሰሰም። «አላበው» ትላለች፣ ስለ ታመመ ልጅ እንደምታወራ። ቀድሞ የሚያልበው የትኛው እንደሆነም ታውቅ ነበር። ቡናማ ቀለም ያለውን፣ ሲቀምሱት ምላስ ላይ መረር የሚለውን ጨው ለብቻው ለይታ ከክረምቱ በፊት ሸጣ ትጨርሰዋለች፤ ንጹሑ ይሰነብታል።

ኬሚስትሪው በኋላ መጣ። ንጹሕ የገበታ ጨው ከአየር ውሃ ስቦ መቅለጥ የሚጀምረው የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት 75 በመቶ ገደማ ሲደርስ ነው። መራራው ማግኒዥየም ክሎራይድ ግን ከ33 በመቶ ገደማ ጀምሮ ይቀልጣል። በዳሎል አካባቢ ያለው ጨው ማግኒዥየምና ፖታሲየም የተቀላቀሉበት ስለሆነ፣ እኛ «ድርቅ ያለ በረሃ» ብለን በምንጠራው ቦታ የጨው ቅርፊት ሌሊት ከአየር እርጥበት ሊጠጣ፣ ቀን ደግሞ መልሶ ሊደርቅ ይችላል። በፎቶግራፍ ይህን መለየት አዳጋች ነው። ለራዳር ግን ልዩነቱ ሰፊ ነው። ሞገዱ ለሚያገኘው ነገር የሚሰጠው ምላሽ በነገሩ ኤሌክትሪካዊ ባሕርይ ላይ ይመሠረታል፤ ይህ መለኪያ ለደረቅ አሸዋ 3 ገደማ፣ ለደረቅ ጨው 6 ገደማ ሲሆን ለውሃ ወደ 80 ይጠጋል። ስለዚህ ጥቂት ላብ ብቻ ምስሉን ይለውጠዋል። ሴንቲነል 1 የሚባሉት የአውሮፓ ሳተላይቶች ከአንድ ቦታ በላይ የሚያልፉት በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 12 ሰዓት እና ማታ 12 ሰዓት ገደማ ነው። የማለዳው ምስል ጤዛ ያደረበትን ጨው፣ የማታው ምስል ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የመታውን ጨው ያያል። ሁለቱን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ብቻውን ትምህርት ነው።

ሁለተኛው ነጥብ፣ «እንደ ምጣድ ልሙጥ» የሚለው፣ ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ ነው። ጸሐፊው የጨው ሜዳን ቆመው ያዩት አይመስለኝም፤ ወይም በመኪና መስኮት አይተውት ይሆናል። ከሩቅ ሲታይ አዎን፣ ከአድማስ እስከ አድማስ የተዘረጋ ገበታ ነው። ጎንበስ ብለው ሲያዩት ግን ሌላ አገር ነው። ቅርፊቱ ባለ አምስትና ባለ ስድስት ጎን እየሆነ ይሰነጠቃል። ከሥር ያለው ጨዋማ ውሃ በስንጥቆቹ ሽቅብ እየተሳበ ይደርቃል፤ የደረቀው ጨው ቦታ ስለሚሻ ጠርዙን እየገፋ ያነሳዋል። እጅ ሲያሳርፉበት አንዳንዱ ጠርዝ እንደ ሸንኮራ ልጣጭ ስለታም ነው። በአንድ ወቅት ጉልበቴን አሳርፌበት የሱሪዬ ጨርቅ ተቀዷል።

ራዳር የሚያየው ይህንኑ ነው። የሴንቲነል 1 የሞገድ ርዝመት 5.6 ሴንቲ ሜትር ነው። በዚህ ሞገድ መሬቱን በሚያይበት አንግል ሲሰላ፣ የገጹ ከፍታና ዝቅታ ከ9 ሚሊ ሜትር ገደማ በታች ከሆነ ገጹ ለራዳሩ መስታወት ነው፤ ሞገዱ ወደ ወዲያኛው ነጥሮ ይሄዳል፣ ምስሉም ጥቁር ይሆናል። ጠርዞቹ ከዚያ በላይ ሲያድጉ ሞገዱ በየአቅጣጫው ይበተናል፤ ወደ ሳተላይቱም ተመልሶ ምስሉን ያነጣዋል። እንግዲህ «ልሙጥ» የሚለው ቃል ትርጉም ያለው በምን ተለክቶ እንደሆነ ሲነገር ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2025 የመጠቀችው የአሜሪካና የህንድ ሳተላይት ኒሳር 24 ሴንቲ ሜትር በሚረዝም ሞገድ ታያለች። ለእርሷ መስታወት የሚሆነው እስከ 4 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ ሻካራ ጨው ነው። በአንዷ የነጣው ቅርፊት በሌላዋ ጠቁሮ ከታየ የጠርዙን ቁመት በሁለት መስፈሪያ መካከል ያዝነው ማለት ነው፤ ማንም ሰው በ45 ዲግሪ ሙቀት ማስመሪያ ይዞ ሳይሄድ።

በዚህ ላይ ጊዜ ይጨመርበት። ጎርፍ ሲገባ አሮጌው ቅርፊት ይሟሟል፤ ምስሉ ይጠቁራል። ውሃው ሲተን አዲስ ለስላሳ ቅርፊት ይጋገራል፤ አሁንም ጥቁር ነው። ሳምንታት ሲያልፉ ይሰነጠቃል፣ ጠርዙ ይነሳል፣ ምስሉም ቀስ በቀስ እየነጣ ይሄዳል። የቱኒዚያው ሾት ኤል ጀሪድ በዚህ መንገድ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ ተጠንቷል። በካሊፎርኒያ የሞት ሸለቆ የሚገኘው «የሰይጣን ጎልፍ ሜዳ» የሚሉት የሾለ የጨው ምድር ደግሞ ራዳር ሻካራነትን እንዴት እንደሚያይ ገና በ1970ዎቹ ማስተማሪያ ሆኖ ነበር። የእኛው የአሳሌ ሐይቅ ዳርቻ ከእነዚህ የሚያንስ አይደለም። በሴንቲነል 12 ቀን እየቆጠሩ ምስሎቹን በተከታታይ ለሚያይ ሰው ሜዳው ሲተነፍስ ይታያል።

አንድ እውነት መደበቅ አልፈልግም፤ ጸሐፊው ቢያነሱት ኖሮ ጠንካራ ነጥብ በሆነላቸው ነበር። ነፋስ ጥልቀት የሌለውን ጨዋማ ውሃ ሲያሸብረው ውሃውም ለራዳር ሻካራ ይሆናል። በአንድ ምስል ብቻ የሚፈርድ ሰው የተሸበረ ውሃን የደረቀ ቅርፊት ነው ብሎ ሊሳሳት ይችላል፤ እኔም በመጀመሪያው ዓመት ተሳስቻለሁ። መድኃኒቱ ተከታታይ ምስል ማየት ነው፤ ነፋስ በማግሥቱ ይበርዳል፣ ቅርፊት ግን ይቆያል። ሞገዱ ሲላክና ሲመለስ የሚርገበገብበትን አቅጣጫ ማወዳደርም ይረዳል። ተራው ፎቶግራፍ የሚጠቅመውም እዚህ ነው፤ ሁለቱ ተቀናቃኞች አይደሉም።

እውነት ልሙጥ የሆነ ሜዳም ቢገኝ ጥቅም አለው። የቦሊቪያው ሳላር ዴ ኡዩኒ ስፋቱ ከ10,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን በዚያ ሁሉ ስፋት ላይ ያለው የከፍታ ልዩነት ከአንድ ሜትር በታች ነው። ከፍታ የሚለኩ ሳተላይቶች ትክክለኛነታቸው የሚፈተነው እዚያ ሜዳ ላይ ነው።

ወደ ፖታሹ ልለፍ። ጸሐፊው ይህን ስጋት ያመጡት እ.ኤ.አ. በኅዳር 1981 ኮሎምቢያ የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር ይዛው ከወጣችው ራዳር ታሪክ ነው። ታሪኩ እውነት ነው፣ አስደናቂም ነው። ያ ራዳር በግብፅና በሱዳን ድንበር አካባቢ፣ ከሰሃራ አሸዋ ሥር የተቀበሩ ጥንታዊ የወንዝ መስመሮችን አሳየ፤ ቆፋሪዎችም ቦታው ድረስ ሄደው አረጋገጡ። ከዚህ ተነሥተው «ሰሃራን ከሰነጠቀ ዳናኪልን አይምርም» ማለታቸው ግን ስሕተት ነው። ሰሃራ ላይ ራዳሩ ያለፈው የአንድ ወይም የሁለት ሜትር ያህል አሸዋ ነው። ያም የሆነው አሸዋው እጅግ ደረቅ፣ ደቃቅና ጨው አልባ ስለነበረ ነው። ጨዋማ ውሃ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፍ ነገር ውስጥ ደግሞ የራዳር ሞገድ ወዲያው ይሞታል። እርጥብ የጨው ሜዳ ላይ ሞገዱ የሚገባው በሴንቲ ሜትር የሚቆጠር፣ ብዙ ጊዜም ከዚያ ያነሰ ነው። ከጨው ሜዳ የባሰ ለራዳር የተዘጋ በር ማግኘት ይቸግራል።

ፖታሹ ደግሞ ምሥጢር ሆኖ አያውቅም። ከአንድ መቶ ዓመት በፊት ጣሊያኖች ከዳሎል ፖታሽ ያወጡ ነበር፤ ለሲቪል ምርምር ራዳር የተሸከመችው የመጀመሪያዋ ሳተላይት ሲሳት ግን የመጠቀችው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ከጨው ሥር ያለውን ያወቁት ሰዎች በመሰርሰሪያ ነው ያወቁት። ስለ ማዕድናችን መጨነቅ ተገቢ ነው፤ እኔም እጨነቃለሁ። ጭንቀቱ መዋል ያለበት ውሉና የሥራ ፈቃዱ በሚነበብበት ጠረጴዛ ላይ ነው። ሞገዱ ሁለት ጣት ያህል እንኳ በማይዘልቅበት ጨው ላይ ማዋል ግን ወጣቱን ከትምህርቱ ማስፈራራት ብቻ ይሆናል።

አራተኛው ነጥብ «ጉራ» የሚለው ነው። ጥርጣሬው ይገባኛል፤ ደሴ ሆኖ የአዲስ አበባን ጉንዳን መቁጠር ይመስላል። ነገር ግን የሚለካው በገመድ አይደለም። ሳተላይቷ ከ693 ኪሎ ሜትር ከፍታ ሞገድ ትልካለች፤ የሚመለሰው ሞገድ በመውጣት ላይ ይሁን በመውረድ ላይ፣ በየትኛው የጉዞው ክፍልፋይ እንደደረሰ ትመዘግባለች። ከ12 ቀን በኋላ በዚያው መንገድ ተመልሳ እንደገና ትመዘግባለች። መሬቱ በመካከሉ ወደ እርሷ ከቀረበ ወይም ከእርሷ ከራቀ ሁለቱ መዝገቦች አይገጥሙም። ሞገዱ ደርሶ መልስ ስለሚጓዝ መሬቱ የሞገዱን እኩሌታ፣ ማለትም 2.8 ሴንቲ ሜትር፣ ሲንቀሳቀስ በምስሉ ላይ አንድ ሙሉ የቀለም ቀለበት ይሠራል። ቀለበቶቹን መቁጠር ነው። አየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት ሞገዱን ሊያዘገየውና ሊያሳስት ይችላል፤ ለዚያም ብዙ ምስል እየደራረቡ ማጥራት አለ።

ምስክር ካስፈለገ ከዳሎል የቀረበ የለም። እ.ኤ.አ. በ2004 መጨረሻ ላይ ከዳሎል ሥር ካለ ቋት ቅልጥ ዓለት ተነሥቶ ወደ 9 ኪሎ ሜትር በሚረዝም ስንጥቅ ውስጥ ከመሬት በታች ሮጠ። ላቫ ፈሶ ሜዳውን አልሸፈነም። ከሥር የተከናወነውን የገለጠው ኢንቪሳት የተባለችው ሳተላይት ከክስተቱ በፊትና በኋላ ያነሳቻቸውን የራዳር ምስሎች በማነጻጸር የተገኘው የመሬት መስመጥና መነሳት ነው። ያ ሁሉ የሆነው ጸሐፊው «የሚታይ ነገር የለውም» ባሉት የጨው ሜዳ ላይ ነው።

በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2005፣ ከዚያ ወደ ደቡብ በዳባሁ አካባቢ የተፈጠረውን ዓለም ሁሉ ያውቀዋል። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 60 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም መሬት ተተረተረ፤ በአንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር ተከፈተ። ከ2 ኪሎ ሜትር ኩብ የሚበልጥ ቅልጥ ዓለት ከሥር ገባበት። ይህንንም ከዳር እስከ ዳር የለካችው ያችው ኢንቪሳት ናት። አንድ የጂኦሎጂ ባለሙያ ያን ስንጥቅ በእግሩ እየለካ ለመጨረስ ስንት ወር በፈጀበት ነበር? ስምንት ሜትር እንዴት ጉራ ይባላል?

በዚህ ነጥብ ላይ ትንሽ መቆየት የፈለግሁት የእኛም ቤት ጉዳይ ስለሆነ ነው። ደሴና ኮምቦልቻ የተቀመጡት አፋር ከደጋው በሚላቀቅበት ጠርዝ ላይ ነው። ኮምቦልቻ ያለችበት የቦርከና ሸለቆ ራሱ መሬት ተሰንጥቆ የሰመጠበት ነው። ከከሚሴ አለፍ ብሎ ባለችው ካራቆሬ እ.ኤ.አ. በ1961 የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን አውድሟል። ደሴ ውስጥ ደግሞ ግድግዳው የተሰነጠቀበት፣ አጥሩ ቁልቁል ያዘመመበት ሰው ማግኘት አይከብድም፤ ተዳፋቱ ቀስ እያለ እንደሚንሸራተት ነዋሪው ያውቃል። ያን እንቅስቃሴ የሚለካው ይኸው የራዳር ዘዴ ነው። ችግሩ ደሴ ላይ ባሕር ዛፍና እርሻ መኖሩ ነው፤ ቅጠል በየቀኑ ቦታውን ስለሚለውጥ ሁለቱ መዝገቦች እርስ በርስ አይተዋወቁም። ደረቅ በረሃ ግን ለወራት መልኩን ሳይለውጥ ይቆያል፤ ዘዴውን አጥርቶ ለመማር ምቹው ቦታ እርሱ ነው። በጨው ሜዳው ላይ ጎርፍ የገባበት ዕለት መተዋወቁ ይቋረጣል፤ መቋረጡ ራሱ ታዲያ መረጃ ነው፣ ጎርፉ የት ድረስ እንደደረሰ በመስመር ያሳያል። ተማሪዎቼን ከዳናኪል የማስጀምራቸው ለዚህ ነው። ደሴን ለመለካት የሚያስችለው እጅ የሚፈታው እዚያ ነው።

ስለ ጨው ቆራጩ ጸሐፊው የጻፉት የጽሑፋቸው ምርጥ ክፍል ነው። መጥረቢያው ቅርፊቱን ሲመታ ስለሚሰጠው ድምፅ፣ ጎንበስ ብሎ ስለሚውለው ወገብ የጻፉትን ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። የምለየው «ስለዚህ ራዳር አያስፈልግም» ከሚለው መደምደሚያ ነው።

ባቲ ሰኞ ገበያ ላይ በወጣትነታቸው ከአሳሌ ጨው በግመል ያመላልሱ የነበሩ አንድ የአፋር አዛውንት አውቃለሁ። ባለፈው ዓመት ከሻይ ቤቱ ደጃፍ ተቀምጠን ላፕቶፔን ከፍቼ አንድ የራዳር ምስል አሳየኋቸው፤ ምን እንደሆነ አልነገርኳቸውም። መነጽራቸውን አውልቀው፣ ጠርገው፣ መልሰው አደረጉ። ከዚያ ጣታቸውን ጥቁሩ ላይ አሳርፈው «ልጄ፣ በዚህ ግመል አይነዳም» አሉኝ። «ለምን፣ አባባ?» ብላቸው «ይህ አዲስ ነው፤ ገና አልጠነከረም። እግር ይበላል። ሻካራውን ነው የምትረግጠው፤ ሻካራው ከርሟል፣ ይሸከምሃል» አሉ። ጣታቸውን ወደ ነጩ አዞሩ። እኔ በሞገድ ርዝመትና በአንግል ያስላሁትን እርሳቸው በግመላቸው ኮቴ ያውቁታል፤ ቃላችን ብቻ ነው የተለያየው። ሁልጊዜ እንዲህ አይገጥምም፤ ጭቃ የተቀላቀለበት ቦታ ላይ ሻካራውም ሊከዳ እንደሚችል የነገሩኝ እርሳቸው ናቸው፤ ምስሉን የማነብበትንም መንገድ ለውጦታል። ጸሐፊው እርሳቸውንና ሳተላይቷን በተቃራኒ ወገን አሰልፈዋቸዋል። እኔ ያየሁት አዛውንቱ ምስሉን ወደ ራሳቸው ስበው «የባለፈው ወሩስ አለህ?» ሲሉኝ ነው።

የቀረው የመረጃው ጉዳይ ነው፤ ይህ አጭር ነው። የሴንቲነል 1 ምስሎች እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ያሉት በሙሉ ለማንም በነፃ ክፍት ናቸው፤ ስምና የኢሜይል አድራሻ ብቻ ያስመዘግባሉ። ማንበቢያው ፕሮግራም ስናፕም በነፃ ይገኛል። የሚከብደው ኢንተርኔቱ ነው፤ አንድ ምስል አንድ ጊጋባይት ያህል ይመዝናል፣ ለመሬት እንቅስቃሴ የሚያገለግለው ደግሞ ከዚያ ብዙ እጥፍ። እኛ ሌሊት ላይ እናወርዳለን፤ መብራት ካልሄደ ጠዋት ዝግጁ ነው። ወደዚህ ሥራ የሚገቡ ወጣቶች ካሉ ከካታሎጉ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ከሁለቱ ሳተላይቶች አንዷ፣ ሴንቲነል 1ቢ፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2021 ተበላሽታለች፤ ተተኪዋ የመጠቀችው በታኅሣሥ 2024 ነው። በመካከሉ ባሉት ዓመታት አንዷ ብቻዋን ስትሠራ ስለነበር የጎርፍ ወቅት ስታጠኑ በምስሎቹ መካከል ያለውን ክፍተት ቁጠሩት። ከመስከረም ጀምሩና እስከ ጥር አንድም ሳትዘሉ በተርታ ደርድሩ።